ከታች በቀኝ ጥግ

«ትንሽ ከፍ አድርጊያት» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ከነዳፊዋ ወንበር ጀርባ ቆመው።

ነዳፊዋ የአርማውን ጥግ በማውስ ይዛ ጎተተችው። አርማው ከወረቀቱ ግርጌ በቀኝ በኩል ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ አለ።

«አሁንስ?»

«ገና ናት። ትንሽ።»

«ኢንጂነር፣ ከዚህ ካለፈ ሕንፃው ራሱ ሊለቅለት ነው።»

«ሕንፃማ የትም አለ። አርማ ያለን አንድ ነው።» ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ለኩ፤ ሲያነሱት የጣታቸው ወዝ እዚያው ቀረ። «አምስት ሴንቲሜትር ትሁንልኝ። ልጄ ናት እኮ የሠራቻት።»

ይህን ሲሉ ለአምስተኛ ጊዜ ነበር፤ ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም።

አርማው በመሰላል ጫፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የቆመ ንስር ነው። ንስርነቱ እንግዲህ በሠሪዋ ቃል ነው። አርማው መጀመሪያ ቢሮ የገባ ዕለት ቀያሹ፣ መሬት ከመለካት ይልቅ ሰው መለካት የሚቀናው የሥራ ባልደረባዋ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘንብሎ አየውና «እንቁላሏን የት ጥላው ነው የመጣችው?» ሲል ነገሩ አበቃለት። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ወጣ እንዳሉ የአርማው ስም «ዶሮዋ» ነው። ልጅቱ ሦስት ጊዜ እያረመች ስትልከው ነዳፊዋ የምታስቀምጠው «ዶሮዋ» ብላ በሰየመችው ፎልደር ውስጥ ነበር። ፋይሎቹም በቅደም ተከተል «ዶሮዋ»፣ «ዶሮዋ የመጨረሻ» እና «ዶሮዋ እውነተኛ የመጨረሻ» ይባላሉ። የሰው ጠባይ የሚታወቀው ማንም አያይብኝም ብሎ ፎልደር ሲሰይም ነው።

«አምስት ሴንቲሜትር ከሆነማ ቦታ የለም» አለች። «ከነዚህ ረድፎች አንዱ መውጣት አለበት።»

ረድፎቹ ሦስት ናቸው፦ ነዳፊ፣ መርማሪ፣ አጽዳቂ። ከ«መርማሪ» ትይዩ የሥራ አስኪያጁ ስም አለ። ከ«አጽዳቂ» ትይዩም የሥራ አስኪያጁ ስም አለ፤ ራሳቸው መርምረው፣ በምርመራቸው ረክተው፣ ራሳቸው ያጸድቃሉ። ከ«ነዳፊ» ትይዩ ያለው የእሷ ስም ነው።

የሰውየው ጣት ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ አረፈ።

«ይቺን አውጪያት።»

«ይቺማ የእኔ ናት።»

«አውቃለሁ። ማን ያነባታል ብለሽ ነው? የሕንፃው ባለቤት የሚፈልገው ማን እንዳጸደቀው ነው። ለሚቀጥለው ሥራ እንመልሳታለን።»

እሷ ግን የሚያነቧትን ታውቃለች። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ ከማመልከቻዋ ጋር የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በ«ነዳፊ» ረድፍ ስሟ የሰፈረበት፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ራሷ የነደፈችው አንድ ሙሉ ሕንፃ። በዚህ ቢሮ ስምንት ዓመት ስትሠራ ደረጃና መጸዳጃ ቤት ነበር የሚደርሳት፤ የነደፈችው ደረጃ አንዱ በሌላው ላይ ቢቀጠል ጨረቃ ያደርሳል፣ ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው። ይህ ባለ ሦስት ፎቅ ክሊኒክ የመጀመሪያዋ ነው። ሠላሳ ስድስት ወረቀት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቱ ይፈርምበታል፤ ከተፈረመና ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም። ለሚቀጥለው ሥራ የተባለው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ይህኛውም ስምንት ዓመት ፈጅቶባታል።

ሌላም አንባቢ አላት። አባቷ ግንበኛ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲደረድር ኖሮ አሁን ጉልበቱ ከድቶት ቤት ውሏል። በታክሲ ሲያልፉ በመስኮቱ እያሳየ «ይቺን እኔ ነኝ የሠራኋት» ይላል፤ ተሳፋሪው አንዴ ቤቱን አንዴ እሱን ያያል። ትናንት እራት ላይ ስሟ በክሊኒኩ ንድፍ ላይ እንደሚወጣ ስትነግረው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ከነእኔ ነው?» አላት።

የአባት ስምም ይጻፋል ወይ ማለቱ ነበር። በረድፉ ውስጥ የሚገባው የራሷ ስምና የአባቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

«ከነአንተ ነው እንጂ» ብላ ዋሸችው።

አሁን እሱ ቀርቶ እሷም ልትወጣ ነው። ልትከራከር አፏን ከፈተች። ሥራ አስኪያጁ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ልጃቸው በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ግጥም የምታነብላቸው ይመስል ስክሪኑን ያያሉ። እንዲህ ያለ ፊት ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ረድፏን መረጠችና ሰረዘቻት። ሰንጠረዡ አንድ ቦታ ከተነካ በሠላሳ ስድስቱም ወረቀት ላይ ይነካል። ለመጥፋት አንድ ሴኮንድ በቂ ሆነ።

«ይኸው!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ዐይን ያዘ!»

የፕሮጀክቱን ፎልደር በፍላሽ ገልብጣ በቢሮው ሹፌር ወደ ማተሚያ ቤቱ ላከችው።

ስድስት ተኩል ሲል ስልኳ ጠራ። አታሚዋ ነበረች።

«እህቴ፣ ክሊኒክ ነው ያልሽኝ ወይስ የዶሮ እርባታ?»

«ክሊኒክ ነው። ምነው?»

«አይ፣ ወረቀቱ ሁሉ ላይ ‹ዶሮዋ› ይላል። አስር አትሜ ነው ያየሁት። ጥፋቱ የእኔ እንዳይመስልሽ!»

ነዳፊዋ ጭንቅላቷን ያዘች። የንድፍ ፕሮግራሙ ከውጭ የገባን ምስል አይውጥም፤ የት እንደተቀመጠ አድራሻውን ብቻ ይይዛል። በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ምስሉን ካጣው በቦታው ባዶ ሳጥን ይሠራና አድራሻውን በሙሉ ይጽፍበታል። የፕሮጀክቱ ፎልደር ሄዷል፤ ዶሮዋ ግን ዴስክቶፕ ላይ ቀርታለች። ለጀማሪ የምታስተምረው ነገር ነበር።

ምስሉን በሌላ ፍላሽ ይዛ እየሮጠች ስትወጣ ሥራ አስኪያጁ መኪናቸውን እያስነሱ ነበር።

«ማተሚያ ቤት ነሽ? ግቢ፣ ግቢ፣ እኔም ከዚያው ወደ ባለቤቱ አልፋለሁ።»

«እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ…»

«ምን ድካም አለው! የመጀመሪያዋን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለልጄ ልልክላት ነው። ‹ስትታተም አሳየኝ› ብላኛለች።»

መንገዱን ሙሉ ቀይ መብራት እንዲይዛቸው ጸለየች። ሁሉም አረንጓዴ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ሞቅ ያለ የቀለም ሽታ አለው። አታሚዋ የታተሙትን ወረቀቶች በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እንዳይጠቀለሉ ስቴፕለር ጭናባቸዋለች። ነዳፊዋ ቀድማ ገብታ ልትጠቀልላቸው እጇን ስትሰድ ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን አውጥተው ነበር። ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዐይናቸው አወረዱ።

ንስሩ በሚኖርበት ቦታ አምስት ሴንቲሜትር ባዶ ሳጥን አለ። በውስጡ በደንብ በሚነበብ ፊደል፦ «ዴስክቶፕ / ዶሮዋ / ዶሮዋ እውነተኛ የመጨረሻ»።

«ዶሮዋ ማናት?» አሉ።

አታሚዋ በድንገት የምታጸዳው ነገር አገኘች። ለነዳፊዋ አንድ የተዘጋጀ ውሸት ነበረላት፦ ሌላ ደንበኛ፣ የዶሮ እርባታ፣ ፋይል ተቀላቅሎ። አታሚዋም ትመሰክርላት ነበር። አንደበቷ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሁለት ቀን ሁለት ውሸት በዛባት።

«አርማው ነው፣ ኢንጂነር። ቢሮ ውስጥ እንደዚያ ነው የምንለው። ፎልደሩን የሰየምኩት እኔ ነኝ።»

የቀያሹን ስም አላነሳችም።

ሥራ አስኪያጁ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የወረቀት ጥቅል በታጨቀበት ካርቶን ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ካርቶኑ ትንሽ ሰመጠ።

«ንስር ነው ያለችኝ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ክንፉን ስታየው… ንስር አይመስልም?»

ነዳፊዋ በእጇ የያዘችውን ፍላሽ አገላበጠች። ሰውየው ገባቸው።

«እኔም መጀመሪያ ሳየው ዶሮ መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንዲያውም የምትፈለፍል ዶሮ።»

አታሚዋ ሳቋን ወደ ሳል ለወጠችው።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«እንዴት ብዬ! ሰባት ወር ሙሉ አላናገረችኝም እኮ። ሥዕል ልማር አለች፣ እኔ እንደ ሰው ኢንጂነሪንግ ተማሪ ብዬ አስገባኋት። ጥላው ወጣች፣ እኔንም ጥላኝ ወጣች። አንድ ቀን ይህን በስልክ ላከችልኝ። ‹አባዬ፣ ለቢሮህ ይሁን› ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ዶሮ ቢሆንስ? አህያ ብትልክልኝ አልለጥፍም ነበር?»

የማተሚያው ማሽን ሥራ ፈትቶ ያፏጫል። ነዳፊዋ ወረቀቱን አየች፤ ጥጉን፣ ባዶውን ሳጥን፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን የሥራ አስኪያጁን ስም።

«ስሟስ የት ነው የሚጻፈው?» አለች።

«የማን?»

«የልጅዎ። የነደፈችው እሷ ናት። ሠላሳ ስድስት ወረቀት ላይ ሥራዋ ወጥቶ ስሟ ከሌለ ፎቶውን ስታየው አይከፋትም?»

ይህን ያለችው ለልጅቱ አዝና ነበር። ካለችው በኋላ ግን ራሷም ሰማችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሥራ አስኪያጁ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። እሷን አዩ። ወረቀቱን አዩ። መልሰው እሷን አዩ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ ለጥፈዋት የነበረችውን ጣት በሌላኛው እጃቸው ያዟት።

«ቦታ የለም አላልሽም?»

«አምስት ሴንቲሜትሩ ካልተነካ የለም።»

ሰውየው ከካርቶኑ ላይ ተነሡ። ሱሪያቸውን አራገፉ። ሰዓታቸውን አዩ፦ ሰባት ተኩል።

«እንግዲያው ዶሮዋን ቀነስ አድርጊያት» አሉ።

«በስንት?»

«የእሷም ያንቺም እስኪገባ።»

አታሚዋ ወንበሯን ለቀቀችላት። ነዳፊዋ ሰንጠረዡን ከፈተች። በዚህኛው ጊዜ ምስሉን ከፋይሉ ጋር አንድ ላይ አጣበቀችው፤ ከእንግዲህ የትም ብትሄድ ዶሮዋ አብራ ትሄዳለች። ወደ ሦስት ተኩል ሴንቲሜትር አወረደቻት። ከመሰላሉ ሥር የልጅቱን ስም በትናንሽ ፊደል አስገባች። ሥራ አስኪያጁ ከጀርባዋ ሆነው ፊደል በፊደል እየተከተሉ አነበቡት፤ ሲጨርሱ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ከዚያ «ነዳፊ» የምትለውን ረድፍ መለሰቻት። ስሟን ጻፈች። እንደ ልማዷ የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች፣ ነጥብ አደረገች።

ነጥቧን አየቻት። አርባ ዓመት ድንጋይ፣ አንዲት ነጥብ።

አጠፋቻት። ቀሪዎቹን ፊደላት አንድ በአንድ ጨመረች። የመጨረሻዋ ፊደል መስመሩን አልፋ የዶሮዋን ጭራ ረገጠች።

«አለቀ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ስልካቸውን ለፎቶ አዘጋጅተው። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ደውሎላቸዋል።

«ግማሽ ሴንቲሜትር ቀረኝ፣ ኢንጂነር» አለችና፣ ዶሮዋን በክንፏ ጥግ ይዛ ወደ ውስጥ ገፋቻት።