አጋዘኖቹ እስኪነሱ

አጋዘን ድብን ብሎ ተኝቶ አየሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ያየው የሞተ አጋዘን ነው። አጋዘን ይጋደማል፣ ያመሰኳል፣ ዓይኑን ገርበብ ያደርጋል፤ ጆሮው ግን አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። አንዱ ወደዚህ ሲዞር ሌላው ወደዚያ ነው። እንቅልፍ ከተባለ፣ ራሱን ጎኑ ላይ ጣል አድርጎ ለአንድ አፍታ፣ ሰው የጫማውን ክር አስሮ እስኪጨርስ ድረስ ነው። ከዚያ ቀና ይላል። እንግዲህ ይሄም እንቅልፍ ነው!

ቡሽራ ይህን የተማረው በአራት ወር ውስጥ ነው። አስተማሪው ፍርሃት ነበር። ኑሬን ገድሎ ከሳነቴ አምባ በታች ካለው፣ አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጫካ ከገባ ወዲህ ከሰው ጋር አልዋለም። ኑሬ የልጅነት ጓደኛው ነበር። ሆራው ላይ፣ ከብት ጨዋማውን ውሃ በሚጠጣበት፣ ተራው የኔ ነው የኔ ነው ተባባሉና ቡሽራ በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። በዚያ አገር ወንድ ሆኖ አንድ ዱላ ያልቀመሰ የለም፤ አላህ ሲል ግን አንዱም ይበቃል።

የደም ነገር እዚያ ሁለት መውጫ አለው፤ ወይ በጉማ፣ በደም ካሳ፣ ይታረቃሉ፣ ወይ ደም በደም ይመለሳል። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው የሟች ቤት ደጃፍ ሦስት ጊዜ ወደቁ፤ የሟች ታናሽ ወንድም ከዲሮ ሦስቴም መለሳቸው። ጭራሽ፣ «ገዳዩን ሳልጥል አልጋ ላይ ጎኔን አላሳርፍም» ብሎ ማለ። ማለና አራት ወር ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ የአባቱን ምንሽር ታቅፎ ቁጭ ብሎ ያድራል። ቀን ቀን ተራራውን ያስሳል።

ቡሽራ ደግሞ አጋዘኖቹን ተጠጋ። መጀመሪያ ሲያዩት ይበረግጉ ነበር፤ እሱም በደረቱ እየተሳበ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ክንድ እየቀረበ፣ ልብሱን በበጠጣቸው እያሸ አለመዳቸው። ረፋድ ላይ ግጦሹን ጨርሰው አስታው ውስጥ ሲጋደሙ እሱም ከአጠገባቸው ይጋደማል። ጀርባቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ፤ ከኋላ የሚመጣውን አፍንጫቸው ያውቀዋል፣ ከፊት የሚመጣውን ዓይናቸው ያየዋል። ዘጠኝ እንስቶችና አንድ ቀንዳም ናቸው። ከሁሉም በላይ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት አለች፤ እሷ ከተነሳች ሁሉም ይነሳል። ከዚህ የበለጠ ዘበኛ ከየት ይመጣል? ሚስቱ ሸምሲያ በሳምንት አንዴ ድንጋይ ስር የገብስ ጭኮ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ዓይኗን ካየ ግን አራት ወሩ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? አንድ ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ከጆሮው ስር የሰው ድምፅ ሰማ።

«እንዳትነሳ።»

ዓይኑን ብቻ ዞር አደረገ። በክንድ ርቀት ላይ አንዲት አሮጊት የእንጨት ሸክሟን አጠገቧ አስቀምጣ ቁጭ ብላለች። አዴ ሙሚና ናት፤ የኑሬ እናት። እጁ ወደ ዱላው ሄደ።

«ዱላህን ተወው» አለችው በሹክሹክታ። «አንዴ ሠርቶልሃል።»

እጁ እዚያው ደረቀ።

«ከዲሮ እታች ወንዙ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ይህን ዳገት ነው የሚያየው። አንተ ብድግ ካልክ ያቺ አሮጊት ትነሳለች፣ እሷ ከተነሳች ሌሎቹም ይነሳሉ፣ ያኔ ልጄ ያይሃል። ገባህ?»

ቡሽራ በአስታው ቅርንጫፎች መሃል አጮልቆ አየ። እውነት ነው። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዲሮ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ዳገቱን ያያል።

«እንዴት አገኙኝ?»

«አልጋህ አሳበቀብህ። አጋዘን ከመኝታው ሲነሳ በጠጡን ጥሎ ነው የሚሄደው። ያንተ መኝታ ንጹህ ነው፤ የሙሽራ አልጋ ነው የሚመስለው! ሦስት ቀን አየሁት። ይሄ ባለ ሁለት እግር አጋዘን ነው አልኩ።»

«እነሱስ እርስዎን ሲያዩ ለምን አልተነሱም?»

«እኔን? አርባ ዓመት እንጨት ስለቅም እያጉረመረምኩ በመሃላቸው አልፋለሁ። ለወንድ ይነሳሉ፣ ለውሻ ይነሳሉ። ለአሮጊት ማን ይነሳል? እንኳን አጋዘን ልጄም አይነሳልኝ።»

ቡሽራ ስለ ወንድና ስለ ውሻ ብቻ ነበር ያሰበው። በዚያ አገር ደም የሚፈልግ ወንድ ነውና ሴት ትመጣብኛለች ብሎ በሕልሙም አላሰበ።

«ታዲያ ለምን ለከዲሮ አልነገሩትም?»

ከሸክሟ አንዲት ጭራሮ መዝዛ ትሰባብር ጀመር። ቡሽራ በዚያ ሁሉ ጠማማ የአስታ እንጨት ውስጥ አንዲት ቀጥ ያለች፣ ቅቤ የጠጣች ለስላሳ በትር ተሸጉጣ አየ። ምን እንደሆነች ግን ልብ አላለም፤ የሰውየው ልብ ጠመንጃው ላይ ነበር።

እንዲህ ሆነው ቆዩ። ቡሽራ እግሩ ደነዘዘ፣ ጉንዳን አንገቱ ላይ ወጣ፣ አላራገፈውም። መሸሽ አይችልም፤ መቆየትም አይችልም። የገደለው ሰው እናት ደግሞ ትንፋሿ ጆሮው ስር ነው። ኧረ እንዲህ ያለውን ቀን ለጠላትም አይስጥ!

ድንገት ጆሮዋ የተቀደደው አሮጊት አጋዘን ተነሳች።

እታች ከዲሮ ምንሽሩን አንስቶ ተንበረከከ። ሁለተኛዋም ተነሳች፣ ቀንዳሙም ተነሳ።

«አትንቀሳቀስ» አለች አዴ ሙሚና ክንዱን ጨምድዳ ይዛ። «ጎን ሊለውጡ ነው።»

አሮጊቷ አጋዘን ወገቧን ለጠጥ አደረገች፣ ሸናች፣ ዙሪያዋን አሽትታ በሌላኛው ጎኗ ተጋደመች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። ከዲሮ ለረጅም ጊዜ አነጣጥሮ ቆየና ምንሽሩን አወረደ፤ እሱም የዚያው ተራራ ልጅ ነው፣ በድንጋጤ የተነሳንና ሊንጠራራ የተነሳን ይለያል። የሴትየዋ ጣቶች ግን ክንዱን አልለቀቁም።

«ልጄ ምን አለ?» አለችው።

«ማን?»

«ኑሬ ነዋ! ሌላ ማን ገድለሃል? ሲሞት ምን አለ? አራት ወር ሙሉ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ለሚስቱ እንኳ ያልነገራት ነገር ነው።

«የሚሞት አልመሰለውም» አለ በመጨረሻ። «እኔም አልመሰለኝም። ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ሳቀም። 'አንተ አህያ፣ አዞርከኝ እኮ' አለኝ። ከዚያ፣ 'ትንሽ ጋደም ልበል፣ ከብቶቹን እይልኝ' ብሎ ተጋደመ።»

«እሺ?»

«እኔም ከብቶቹን አየሁለት። በተራው አጠጣሁለት፤ መጀመሪያ የሱን፣ ኋላ የኔን። ሲነሳ እንታረቃለን ብዬ ነበር። ልቀሰቅሰው ስሄድ...»

«ላሞቹ ያን ዕለት ጠጥተው ነው የገቡት» አለች አዴ ሙሚና። «ጥጃዎቹ ተለይተው፣ የግቢው በር ተዘግቶ። ማን አመጣቸው ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። መልአክ ነው ያለኝም አለ።»

«እኔ ነኝ። እስከ በሩ ነድቼ ነው የሸሸሁት።»

አሮጊቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም፤ አጋዘኖቹ ይነሳሉ። ልቅሶ እንኳ የማይለቀቅበት ቦታ ነበር። ቡሽራም ፊቱን አፈሩ ላይ ደፍቶ አብሯት አለቀሰ።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ ታች ስታይ የከዲሮ አንገት ዘንበል ብሏል። ቀና ይላል፣ ዘንበል ይላል። ኋላ አገጩ ደረቱ ላይ ቀረ።

«ተኛ» አለች። «ልጄ ተኛ። በል አንተ፣ በደረትህ ተስበህ ወደ ላይ ሂድ። ሸንተረሩን ካለፍክ አያገኝህም።»

ቡሽራ ሸንተረሩን አየው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ አስታ፣ ሌላ አጋዘን ነዋ።»

«አዴ ሙሚና፣ እኔ መተኛት እፈልጋለሁ» አለ። ሰላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን የሕፃን ሆነ።

«እኔስ? እኔ እንቅልፍ ጠልቼ ነው? አንዱን ቀበርኩ፤ አንዱ ደግሞ ሰው ገድሎ በተራው እዚህ ከአጋዘን ጋር ሊጋደም ነው» አለችና ያቺን ለስላሳ በትር ከሸክሟ መዘዘቻት። ሲንቄዋ ናት፤ በሠርጓ ቀን እናቷ የሰጠቻት። ሲንቄ የያዘች እናት መሃል ከገባች ወንድ እጁን ይሰበስባል፤ በትሯን የተሻገረውን የሚያስታርቀው ሽማግሌ የለም። «ጠዋት ስይዛት ምን እንደማደርግባት አላወቅኩም ነበር። አሁንም አላወቅኩም። ሸክሜን አንሳና ተከተለኝ።»

ቡሽራ ቆመ። አጋዘኖቹ እንደ አንድ ሆነው ተነሱ፤ አሮጊቷ አጋዘን ጮኸችና መንጋው አስታውን እየሰነጠቀ ዳገቱን ወጣ። ከዲሮ ባንኖ ምንሽሩን አቀባበለ።

«እማዬ! ዞር በይ!»

«አልዞርም።»

«እማዬ፣ ከኋላሽ ነው! ዞር በይ አልኩሽ! ምያለሁ እኮ!»

«መማልህንማ ማን ሳይሰማ ቀረ፤ አራት ወር አላስተኛኸንም!» ዳገቱን ወርዳ አጠገቡ ደረሰች። ሲንቄዋን መሬት ላይ አጋደመቻት፤ ከዲሮ ከወዲህ፣ ቡሽራ ከነሸክሙ ከወዲያ። «ይህችን የሚሻገር ካለ ይሻገር። እኔ ደክሞኛል። ወንድምህ ሲሞት ምን እንዳለ ዛሬ ሰምቻለሁ፤ እሱን ይንገርህ። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።»

ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንድ እጇን ሲንቄዋ ላይ አድርጋ እዚያው ሣሩ ላይ ተጋደመች። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ማንኮራፋት ጀመረች።

ሁለቱ ወንዶች ተፋጠጡ። የከዲሮ ጣት ቃታው ላይ ነው። ቡሽራ በርከክ ብሎ ቀረ፣ ሸክሙ ጀርባው ላይ እንዳለ፤ ቢያወርደው እንጨቱ ይንኳኳል። ከዲሮ ሲንቄዋን አየ፣ እናቱን አየ። ኑሬ ከሞተ ወዲህ ተኝታ ያያት ዛሬ ገና ነው። ቀስ ብሎ ጣቱን ከቃታው አወጣ።

ጉሙ ከላይ መውረድ ሲጀምር እንኳ አልተንቀሳቀሱም ነበር። ቡሽራ የኑሬን ነገር በሹክሹክታ ነገረው፤ ከዲሮ ፊቱን አዙሮ ሰማ።

«ላሞቹን አንተ ነህ ያመጣሃቸው?» አለው።

«እኔ ነኝ! ወላሂ እኔ ነኝ፣ እስከ በሩ...»

«ቀስ ብለህ አውራ» አለ ከዲሮ። «እናቴ ትነሳለች።»