ሠላሳ ሁለት ባቄላ

የቁይ ከተማዋ አሰገደች ከእንቅርቷ ጋር ሃያ ዓመት በሰላም ኖራለች። በኋላ ግን ነገሩ ከፋ። ልቧን ያስደልቃት፣ እጇን ያንቀጠቅጣት፣ እንቅልፍ ይነሳት ጀመር። በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ወሰዷትና አንድ ሐኪም ጨረር ያለባት አንዲት ፍሬ መድኃኒት አስዋጣት።

«ሥራውን እዚያው አንገትዎ ውስጥ ይሠራል፤ እስኪወጣልዎ ግን ለአንድ ወር ሕፃን እንዳይታቀፉ» ብሎ በወረቀት ጻፈላት።

ምን ያደርጋል፣ መድኃኒቱን በዋጠችበት ዕለት ልጇ ሥራነሽ ቁይ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ቀኑ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ልጁ ግን ማንን አማክሮ ይመጣል?

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ አራስም የምትጠገነው በእናት ገንፎ ነው። አሰገደች አልጋውን አንጥፋ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ነበር የሄደችው። የሥራነሽ አማት ጥሩብርሃን ግን «ጨረር በሚመጣበት ቤትማ አራስ አትተኛም» አለችና እናትና ልጁን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻቸው። ቅቤውንም አልረሳችም።

አሰገደች ከአዲስ አበባ ስትመለስ የልጅ ልጇን ያየችው በአጥር በኩል ነው። ያውም አየችው ከተባለ፤ የታየው ጋቢ ብቻ ነበር። ቅናት አንጀቷን በላው። የቀራት ተስፋ አንድ ነው፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፤ ያን ቀን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰው እሷ ልትሆን ነው። ወሩ ያኔ ያልፋል።

የግቢዋ ተከራይ መምህር ዘመነ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የጠየቁትን ሁሉ ማስረዳቱ ነው።

«እትዬ አሰገደች፣ ይኼ መድኃኒት ግማሽ ዕድሜ የሚባል አለው» አላት። «በየስምንት ቀኑ ጨረሩ በግማሽ ይቀንሳል። በስምንተኛው ቀን ግማሹ ይቀራል፤ በዐሥራ ስድስተኛው የግማሹ ግማሽ። በአርባኛው ቀን ከሠላሳ ሁለት እጅ አንዷ እጅ ብቻ ትቀራለች።»

አሰገደች ደስታዋን መያዝ አቃታት። ለጠላ ጠማቂዋም፣ ለጎረቤቱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ለሚወጣውም ሁሉ ግማሽ ዕድሜን አስተማረች። መቼም ያን ሰሞን ቁይ ውስጥ ስለ ግማሽ ዕድሜ ያልሰማ ቢኖር መስማት የተሳነው ነው። ጥሩብርሃንም ሰማች፤ ያውም ደህና አድርጋ ሰማች።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን አሰገደች ነጠላዋን አጣፍታ ለነገው ክርስትና ልጁን ልትወስድ ስትመጣ፣ ጥሩብርሃን ልጁን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ሁልጊዜ ግማሽ ይቀራል አላልሽም?» አለቻት። «ዳቦ ለሁለት ብገምስ ግማሽ ይቀራል። እሱን ብገምስ ደግሞ ግማሽ ይቀራል። እስቲ መቼ ነው የሚያልቀው? አያልቅም። በገዛ አፍሽ ነው የነገርሽን።»

«ሐኪሙ አንድ ወር ብሏል። ወረቀቱ ይኸውልሽ።»

«ሐኪሙ የዚህ ልጅ አያት ነው?»

ሥራነሽ በእናቷና በአማቷ መካከል ቆማ ማንን እንደምትይዝ ጠፋት። በመጨረሻ የኔታ ወልደ ሩፋኤልን አስጠራች። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የጾምና የበዓላቱን ቀን ከዓመታት በፊት አስልተው የሚያስቀምጡ፣ ቁጥር ሲሰሙ ረሃብ የሚረሱ ሰው። ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ። ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ገመሱ፣ ደግመው ገመሱ፣ ደግመው ገመሱ። ፊታቸው በራ።

«ግሩም ነው። ፍጻሜ የለውም» አሉ። «ጥሩብርሃን እውነቷን ነው።»

አሰገደች መሬት ላይ ተቀመጠች። ገና ያልታቀፈችውን ልጅ ዕድሜ ልኳን በአጥር ልታየው ነው ማለት ነው።

ይህን ጊዜ ዘመነ ከኋላ መጣ። «የኔታ፣ ዳቦው ነው ያሳሳተዎ» አላቸው። «መድኃኒቱ ከቁጥር የበዛ ደቃቅ ፍሬ ነው፤ አተም ይባላል። አተም ደግሞ አይገመስም። አንዱ ፍሬ ወይ እንዳለ አለ፣ ወይ ጨረሩን ተፍቶ አበቃ። የትኛው መቼ እንደሚተፋ አይታወቅም። የመጨረሻውም አንድ ቀን እንዳለ ይሄዳል እንጂ ግማሹ አይቀርም።»

ሰፌድና ባቄላ አስመጣ። ሠላሳ ሁለት ፍሬ ቆጥሮ የእያንዳንዱን አንድ ጎን በከሰል አጠቆረ። «በሰፌድ አነጥረዋለሁ። ጥቁሩ ወደ ላይ የሆነው አብቅቷል፤ ይወጣል። አንድ ማንጠር ስምንት ቀን ነው።»

«እስከ አርባ ቀን አምስት ጊዜ» አሉ የኔታ፤ ቁጥር የት ይጠፋቸዋል። «እንግዲያው በአምስተኛው ካለቀ አሰገደች ትታቀፍ። ካላለቀ ይቅር።»

«የኔታ፣ ይኼ ምሳሌ እንጂ ፍርድ አይደለም» አለ ዘመነ ደንግጦ። ማን ሊሰማው። ጎረቤቱ ሁሉ ዛፉ ሥር ተሰብስቦ፣ ባቄላው ዳኛ ሆኖ ተሰይሟል።

በመጀመሪያው ዐሥራ አምስት ወጣ፤ ዐሥራ ሰባት ቀረ። በሁለተኛው ዘጠኝ ቀረ። በሦስተኛው አራት። በአራተኛው አንድ።

አንዲት ባቄላ ብቻ ሰፌዱ ላይ ተጎልታ ቀረች። አሰገደች በስንቱ ቅዱስ ስም ተሳለች። ዘመነ አነጠረ። ባቄላዋ ተሽከረከረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ያልጠቆረው ጎኗ ወደ ላይ።

«ይኸው» አለች ጥሩብርሃን። «ቀረች።»

አሰገደች ባቄላዋን አፍጥጣ አየቻት። ሰው ምን እንዳሰበች እንኳ ሳያውቅ እጇን ሰደደች፣ ባቄላዋን አነሳች፣ አፏ ውስጥ ከተተችና ዋጠች።

ደረቅ ባቄላ ነው እንግዲህ፣ ያውም እንቅርት ባጠበበው ጉሮሮ። ዐይኗ ፈጠጠ። ዘመነ ጀርባዋን ደበደበላት። በመከራ ወረደላት።

«አለቀች» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

ከዚያ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከልባቸው ተጨንቀው፣ ዘመነን «እንግዲህ ስምንቱ ቀን ከዛሬ ጀምሮ ሊቆጠር ነው?» ብለው ጠየቁት።

መጀመሪያ የፈነዳችው ጥሩብርሃን ናት። «ዋጠችው፤ እንደገና ዋጠችው» እያለች ልጁን እንደታቀፈች ዛፉን ተደገፈች። ሥራነሽ ሳቀች፣ ዘመነ ሳቀ፣ የኔታም ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። አሰገደች ራሷ ሆዷን ይዛ ወደ ዛፉ ተጠጋች። ጥሩብርሃን እንባዋ ዐይኗን ጋረደው፤ የምትጠርግበት እጅ ግን የላትም።

«እስቲ ያዢልኝ» ብላ አጠገቧ ለቆመው ሰው ልጁን አቀበለች።

አጠገቧ የቆመችው አሰገደች ነበረች።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጥሩብርሃን ያደረገችው ሲገባት እጇን ዘረጋች። ደርሳ ግን ልጁን አልወሰደችም፤ የጋቢውን ጫፍ ከአገጩ ሥር ገለጥ አደረገችና «አንገቱን ደግፊው» አለች።

አሰገደች አልተነቃነቀችም። አርባ ቀን ሙሉ ስትሟገትለት ያልፈራችው ትንሽ ሰውዬ አሁን ክንዷ ላይ ሲተነፍስ ፈራች። ክንዷ ዝቅ አለ፤ መልሳ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ይከብዳል እኮ» አለች፣ ሁሉንም እያየች። «አርባ ቀን ሙሉ ስለሱ ስታወሩልኝ፣ ይከብዳል ያለኝ ሰው የለም።»