የሆራስ ታፕሰል የብር ድስት

ሆራስ ታፕሰል ጡረታ ወጥቶ ሉድሎ ከተማ ከገባ ወዲህ ሥራው አንድ ነው፤ አሮጌ የብር ዕቃ እየገለበጡ ቂጡን ማየት። ሰው ቤት ለሻይ ሲጠራ እንኳ ማንኪያውን ሳይመረምር ስኳር አይነካም። ሚስቱ ዊኒፍሬድ ስታፍርበት ኖራ አሁን ለምዳዋለች።

በየሐሙሱ ቤቱ ለሚሰበሰቡት የብር ዕቃ ወዳጆች የማይሰለቸው ትምህርት አለው፦ መጀመሪያ ሃ ብላችሁ ተንፍሱበት። ድሮ ቀረጥ የሚሸሹ አንጥረኞች የብሩ ንጽሕናና ቀረጡ መከፈሉ የሚረጋገጥበትን ማኅተም ከሌላ ዕቃ ቆርጠው በአዲሱ ላይ ይበይዱ ነበር። ብየዳው ለዓይን አይታይም፤ ትንፋሽ ሲያርፍበት ግን መስመሩ ብቅ ይላል።

በዚህ ሐሙስ ያቀረበላቸው ብራንዲ የሚሞቅበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ ድስት ነበር። ከጨረታ የገዛው የዊኒፍሬድን ፒያኖ ሸጦ ነው። እሷም «አንተ ካልክ እውነት ነው» ብላ ፈቅዳለታለች። ሆራስ ከማዕረግ ሁሉ የሚወደው ይህን ቃሏን ነበር።

ከማኅተሞቹ መካከል የንጹሕ ብር ምልክት የሆነውን አንበሳና የሠሪውን ስም የሚጠቁሙትን ሁለት ፊደላት አሳያቸው። ስለ ራሱ ዓይን አዋቂነትም ጥቂት ተናገረ፤ ጥቂት ማለት ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ድስቱን ወደ አፉ አስጠግቶ ተነፈሰ።

በማኅተሞቹ ዙሪያ አራት ማዕዘን መስመር ወጣ። ወዲያው ትንፋሹ ደረቀና ጠፋ። እንግዶቹ አላዩም፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ዊኒፍሬድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከትከሻው ኋላ ቆማ ስታይ ነበር።

«ድገመው» አለችው ቀስ ብላ።

ሆራስ ፊቱ ጋለ። ድስቱን ከእንግዶቹ አንዱ ለሆነው ለከትበርት አቀበለው፤ ከትበርት የቀድሞ መድኃኒት ቀማሚና የዘወትር የጨረታ ተፎካካሪው ነው። «ብየዳ አለው። ስገዛው አልተነፈስኩበትም» አለ።

«አንተ? ለምን?» አለ ከትበርት።

«ጨረታው ላይ አጠገቤ ነበርክ። ከተነፈስኩበት እንደፈለግሁት ታውቅብኛለህ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ደግሞ ስኩራራ ጊዜ አላገኘሁም።»

ከትበርት ጢሙን ዳበሰ። «እኔማ ቀደም ብዬ ተንፍሼበት ነበር። መስመሩን አይቼ ነው ያልተጫረትኩት። አንተ ስትጫረት ግን ራሴን ተጠራጠርኩ።»

ሆራስ ቀና ብሎ ሚስቱን ለማየት ጊዜ ወሰደበት። በጣም አፍሯል፤ ፒያኖው የነበረበት ጥግ ባዶውን አፍጥጦበታል። «ዊኒ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋቂ ነኝ ስል ለካ ጅል ነኝ» አላት።

«አንተ ካልክ እውነት ነው» አለችና ድስቱን ከከትበርት እጅ ወስዳ ወተት ልታፈላበት ወደ ማድ ቤት ገባች።