የባዶው አልጋ ግፊት

«ሲስተር፣ ፍራሹንም ደም ግፊት ያዘው እንዴ?» አሉ ስምንት ቁጥር ላይ የተኙት ሽማግሌ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። ሰባት ቁጥር አልጋ ባዶ ነው። ታካሚው ጠዋት ድኖ ወጥቷል፤ «እንኳን ማረህ» ብላ የሸኘችው ራሷ ናት። አልጋው ግርጌ በቀረው ቻርት ላይ ግን «ግፊት 120 በ80» ብላ ጽፋ ፈርማበታለች። ለሞተ ሰው ደመወዝ ሲከፈል ሰምተናል፤ ለባዶ አልጋ ግፊት ሲለካ ግን ማን ሰምቶ ያውቃል?

ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቁ አልመጣም። ክፍሉን የጀመረችው ከአሥር ቁጥር ነው። አሥርን ለክታለች? ዘጠኝንስ? ምንም ትዝ አይላትም።

«አባባ፣ የእርስዎን ለክቼ ነበር?»

«ጻፍሽ እንጂ አልነካሽኝም። ደክሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «ድሮ ገና ከበሩ ስትጠሪኝ ግማሽ በሽታዬ ይለቀኝ ነበር። አሁን መጥተሽም የመጣሽ አይመስለኝም፣ ልጄ።»

ክው አለች። ሁለት ባልደረቦቿ ከለቀቁ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያለ እረፍት ገብታለች። ቤት ገብታ ልጇ ስታጫውታት እንኳ ድምጿ ይሰማታል እንጂ ነገሩ አይገባትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። «አንቺማ ብረት ነሽ» ይሏታል፤ ብረት ደግሞ ደክሞኛል ይላል እንዴ?

አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ነገሩን አይታ ጠጋ አለች።

«አምጪው፣ በሌላ ወረቀት እንገልብጠው። ኃላፊዋ ካዩት ማስጠንቀቂያ ነው የሚጽፉብሽ።»

«የአባባንስ ምን ብዬ ልገልብጥ?»

«ያው ነዋ! ትናንት ደህና አልነበሩ?»

ነርሷ መለኪያውን ሽማግሌው ክንድ ላይ ጠቀለለች። 180 በ110። እንደገና ለካች፤ ያው ነው። ቻርታቸው ላይ በራሷ እጅ የተጻፈው 120 በ80 ነበር።

ሐኪም ተጠርቶ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ሽማግሌው ረጋ አሉ። እሷም ዘጠኝንና አሥርን እንደገና ለካች። በሙያው ሕግ ስህተት አይፋቅም፣ አይቀደድም፤ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዝና አጠገቡ ይፈረማል። አራቱንም ቻርቶች እንዲሁ አደረገችና ይዛቸው ኃላፊዋ ቢሮ ገባች።

ኃላፊዋ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማስጠንቀቂያ መጻፌ አይቀርም።»

«ይጻፉ።»

«ነገ ግን እንዳትቀሪብኝ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? አንቺ እኮ ብረት ነሽ።»

«አይደለሁም፣ ሲስተር። ደክሞኛል። ዛሬ ሰው ልገድል ነበር።»

ነርሷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የፈረቃ ሰሌዳ ሄደች። በነገው ቀን ላይ የተጻፈውን የራሷን ስም በአንድ መስመር ሰረዘችና አጠገቡ ፈረመች።