የጎረቤት ጠብታ

ሐኪሟ የአብርሃምን ቀኝ ዓይን በመዳፏ ሸፍና ሌላኛውን እጇን አነሣች። "ስንት ጣት ነው?"

ልጁ አንገቱን ሰበር አድርጎ በጎን ሰርቆ ሊያይ ሞከረ። አልሆነለትም። "ሦስት!"

ሐኪሟ እጇን አውርዳ ነበር።

"ዓይኑ እኮ ጠርቷል!" አለች እናቱ ሳህሊቱ። "ድሮ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሲያክ ነበር የሚያድረው። ጠብታው ነው ያዳነልኝ።"

"ማን አዘዘው?"

"ጎረቤቴ።"

ጎረቤቷ ከተበላ ከተማ ቅቤ እያመጣች ሶዶ ላይ የምትቸረችረው እትዬ አልጋነሽ ናት። ሳትመረቅ የሰፈሩ ሐኪም ሆናለች፤ ለጨጓራውም ለእከኩም መላ አታጣም። ለልጇ ለሔርሜላ የምትገዛውን የዓይን ጠብታ ዓመት ሙሉ ለአብርሃምም አካፍላለች። ደግነቷ አይካድም።

"ስቴሮይድ ነው" አለች ሐኪሟ፣ ሳህሊቱ ያመጣችውን ባዶ ጠርሙስ አንብባ። "እኛም ለልጆች እናዘዋለን፤ ግን የዓይናቸውን ግፊት እየለካን። እንዲሁ ሲዘወተር ግፊቱ ይጨምርና ነርቩን ይገድለዋል። የግራው አይመለስም። ቀኙን ለማትረፍ እንሞክራለን። ሌላ የሚጠቀም ልጅ ካለ ቶሎ ይምጣ።"

ሳህሊቱ ባጃጅ ውስጥ ለአልጋነሽ የምትነግራትን ስታሰናዳ፣ ልጁ እጅጌዋን ይጎትታል። "እማዬ፣ ሦስት ልክ ነበር አይደል?"

አልጋነሽ ደጇ ላይ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ፣ ሔርሜላን ጭኗ ላይ አጋድማ ጠብታውን ስትከፍት ደረሱ።

"መጣችሁ? ምን አሉት?"

"የግራ ዓይኑ አያይም አሉ። እትዬ፣ ይኼ ጠብታ..."

"ጠብታው ምን አረገ?" አልጋነሽ ሳቀች። "እንደ ወተት አንጥቼልሽ! የኔዋ ከዚሁ ጠርሙስ አይደል የምትጠቀመው? ይኸው እንደ ንስር ታያለች። የአንቺ ብቻ ከታወረ ከዘሩ ነው፣ እህቴ። አባቱም ይኼን አይቶ ነው የሸሸው።"

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አብርሃም ከምን እንደተሳቀ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ።



ሔርሜላ ተንፈራገጠች። "ኧረ ዝም ብለሽ ከምትገተሪ፣ የዓይኗን ቆብ ያዢልኝ!" አለቻት አልጋነሽ።

ሳህሊቱ የልጇን እጅ ለቀቀች። ጎንበስ ብላ የሔርሜላን ዓይን በጣቶቿ ቀስ አድርጋ ከፈተችላት።