ጥርሱ የረገፈ ታፔላ

በማስታወቂያ ሥራ ቤቱ «ጭረት» እያሉ የሚጠሩትን ወጣት ዲዛይነር አንዲት የፊደል ዓይነት ይዛው ነበር፤ ፍቅር ሳይሆን ልክፍት። ቋሚዋ እንደ ምሰሶ የወፈረ፣ አግዳሚዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጫፍ ጫፏ እንደ ድመት ጥፍር የሾለ ነው። የሙዚቃ ድግስ ቢመጣ እሷ፣ የሽቶ ማስታወቂያ ቢመጣ እሷ። ባልደረቦቹ «እመቤት» ብለው ስም አወጡላት።

«እመቤት ዛሬስ የት ትውላለች?» እያሉ ያሾፉበታል።

የሚወዳት ልጅ አባት፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ለአዲሱ ክሊኒካቸው ታፔላ ሲያዙትም እመቤት ተጠራች።

«አደራ» አለችው ልጅቱ። «አባዬ ለመጋባታችን እሺ ከማለቱ በፊት የእጅህን ሥራ ልየው ብሏል።»

«እመቤት አሳፍራኝ አታውቅም።»

እውነቱን ነው። ግን ምንጊዜም የሚያያት ከወንበሩ ላይ ሆኖ ነበር፣ ስክሪኑ አፍንጫው ሥር።

ታፔላው በተሰቀለ ጠዋት ሦስቱም ከመንገዱ ማዶ ቆመው ቀና አሉ። ፀሐይ ነጩ ሰሌዳ ላይ ስታርፍ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ብን ብለው ጠፉ። ወፋፍራሞቹ ቋሚዎች ብቻ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ተገትረው ቀሩ።

«አንተ ልጅ» አሉ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ «ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ድድ?»

«ቀረብ ካሉ ያምራል ዶክተር።»

«ቀረብ ካሉማ እኔም አምራለሁ!»

በዚህ መሀል ጉንጫቸውን በሻርፕ የጠመጠሙ አሮጊት መጡ፤ ታፔላውን አይተው ቆም አሉ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ» አለች ልጅቱ።

«ተዪኝ ልጄ። የራሱን ደጅ ጥርስ ያረገፈ ለእኔ ሊራራ ነው? ደግሞ ተሽሎኛል።» ጉንጫቸውን እንደያዙ እብስ አሉ።

ጭረት ስለ ፀሐይዋም፣ ስለ መንገዱ ስፋትም የሚለው ነበረው። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው።

«ላውርደው» አለ።

ሁለተኛውን በወጥ ውፍረት፣ ጫፋቸው ክብ በሆነ ፊደላት ሠራው። እንደ ዳቦ የዋህ ናቸው፤ ሲሠራቸው እያዛጋ ነበር። ይሁን እንጂ አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ መንገድ ተሻግሮ አነበባቸው።

ሐኪሙም ከልጃቸው ጋር ከማዶ ቆመው አነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ሰው አያባርርም። ያቺን ኩሩ ፊደልህንስ ጣልካት?»

«ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም ዶክተር። ሰው በእጁ ይዞ የሚያየው ነገር ላይ፣ ተለቅ ብላ ስትጻፍ አቻ የላትም።»

«ለሠርግ መጥሪያስ?»

ጭረት «የማን ሠርግ?» ሊል አፉን ሲከፍት ልጅቱ እግሩን ረገጠችው።

«ት... ትሆናለች!»

«እንግዲያው የልጄን ስም በእሷ ጻፈው። ያንተን ግን በዚህኛው፤ እኔ የምፈልገው ከሩቅ የሚነበብ አማች ነው።»