የቶኩሺጌ ጥቁር ደብተር

«የሬሳ ሳጥኑ ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቶ ወደ አስከሬን ማቃጠያው ይሄዳል» አለች ጎረቤቷ ሂሳዬ፣ ሻይ እያቀበለቻት። «ደብተሩን አታስገቢለትም?»

ፉሚዬ ሻዩን ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነበር። ባሏ ቶኩሺጌ ሆስፒታል ተኝቶ የተናዘዘው ይህንኑ ብቻ ነው፤ «አብሮኝ ይቃጠል። የልጆቹ ገመና ነው፣ ማንም እንዳያየው።» ልጆቹ የሚላቸው በካኖያ የባሕር ኃይል የሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ስኳድሮን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማራቸውን ነው። የአብራኩ ክፋይ አልነበረውም።

ለቀስተኞች በከተማው አቅራቢያ ያለው እሳተ ገሞራ የተፋውን አመድ ከጫማቸው እያራገፉ ይገባሉ።

«ሰይጣኑ ነበር የምንለው» አለ ከቀድሞ ተማሪዎቹ አንዱ በሹክሹክታ።

«ሰይጣንስ አንዳንዴ ይስቃል» አለው ሌላው።

ፉሚዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። እሷ የምታውቀው ቶኩሺጌ ሌላ ነው። ሥራ ውሎ ሲመጣ አንዱን ተማሪ አስከትሎ ይገባና፣ «ሩዝ ጨምሪለት፣ ዛሬ ደንግጧል» ይላት ነበር።

ያኔ ከደነገጡት አንዱ ናካዞኖ ነበር። አሁን የስኳድሮኑ አዛዥ ሆኖ ፊቷ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ስኳድሮኑ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ታሪኩን ልንጽፍ ብንነሳ ያለን ቀንና የሄሊኮፕተር ቁጥር ብቻ ሆነ። ሰዎቹ ያሉት ከየበረራው በኋላ ይጽፉበት በነበረው ደብተር ውስጥ ነው።»

«ያንተም ገመና አለበት እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ባሕሩ ላይ መምህሬን ልገድላቸው ነበር። ይታተም።»

ፉሚዬ ደብተሩን ገልጣው አታውቅም። አሁን ገለጠችው፤ ስሙን ፈልጋ አነበበችለት።

«ናካዞኖ። ባሕር ላይ አንዣብቦ መቆም። የሄሊኮፕተሩ ጅራት ውሃ ሊነካ አንድ ሜትር ቀረው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ሳይዝል መሪውን መቀበል ነበረብኝ።»

ሌላ ገጽ ገለጠች። ሌላ ስም፣ ሌላ ስህተት፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ ጮኽኩበት።» እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲሁ ነው። በዚያ ደብተር፣ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ተማሪ አላጠፋም። ፉሚዬ በባሏ ኮራች፤ ኩራቱም እንደ ሐዘኑ አስለቀሳት።

ናካዞኖ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ «ይቃጠል እትዬ» አለ። «ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ ጽፈውታል፤ የሟች ኑዛዜ ነው።»

«የልጆቹ ገመና ነው አለኝ። የታለ ገመናው?» ደብተሩን በሁለት እጇ ሰጠችው። «አርባ ዓመት ያለኝን ሰማሁ። ዛሬ እሱ ይስማኝ።»

የሳጥኑን ክዳን የያዙት ሰዎች መጡ። ፉሚዬ ቀድማቸው ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከች።

«እንዳትቆጣኝ» አለችው ቀስ ብላ። ደረቱ ላይ ያለውን ነጭ ልብስ በመዳፏ አስተካከለች፤ የተስተካከለውንም ደግማ አስተካከለችው።